ፓንች መደበቂያ አይደለም፦ ለ«ቀላሉ የሰመር ፓንች» የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ርዕሱ «ቀላሉ የሰመር ፓንች» ነው፤ ወይንና ፍራፍሬ ተቀላቅሎ ለድግስ የሚቀርብ መጠጥ አሠራር ነው። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። መጀመሪያ እህቴ ላከችልኝ፤ ቀጥሎ የዕድራችን ግሩፕ ላይ አየሁት። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ሐምሌ ሲገባ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የአንዱ ጓሮ ሥጋ ይጠበስበታል፣ ልጆች ውሃ ይራጫሉ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ቀይ መጠጥ የሞላ ትልቅ ጆግ ይቀመጣል። ጽሑፉ መወደዱ አይገርምም፤ ወቅቱን ጠብቆ ነው የመጣው።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ለዛ አላቸው። ሰው ተሰብስቦ እንዲደሰት ከልባቸው እንደሚፈልጉም ያስታውቃል። ነገር ግን ከምክራቸው አብዛኛው መጠጡን ያበላሻል። ሁለቱ ደግሞ ሰው ይጎዳሉ። ዝም ማለት ያቃተኝ በእነዚህ በሁለቱ ነው።

በቅድሚያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አሠራራቸው ይህ ነው፦ ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን፣ ግማሽ ሊትር ቮድካ፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ አንድ ሊትር ስፕራይት፣ በረዶ፣ ከዚያ ቤት ውስጥ የተገኘ ፍራፍሬ ሁሉ። ሁሉም በዋዜማው ተቀላቅሎ ጠረጴዛ ላይ ይደር ይላሉ። ምክንያታቸውንም ዘርዝረዋል። ወይኑ ርካሽም ይሁን ተከፍቶ የከረመ፣ ፍራፍሬው ጣዕሙን ይሸፍነዋል። ፍራፍሬው በበዛና በቆየ ቁጥር መጠጡ ይጣፍጣል። ቮድካው ለፓንቹ «ነፍስ» ይሰጠዋል። ፍራፍሬው አልኮሉን ስለሚመጠው መጠጡ ቀለል ይላል፤ ነፍሰ ጡርም ልጅም ትንሽ ቢቀምሱ ችግር የለውም። በመጨረሻም፣ እውነተኛው ሳንግሪያ የሚባለው የስፔኖች የወይንና የፍራፍሬ መጠጥ ይህ ነው፤ ከዚህ የወጣ ሁሉ ቅጂ ነው ብለዋል።

የምስማማበት አለ። ሠላሳ ሰው ሲጠራ ለእያንዳንዱ የሚወደውን መጠጥ መግዛት ኪስ ያራቁታል። ፓንች በዚህ በኩል ባለቤቱን ያሳርፋል። ውድ ወይን ገዝቶ ብርቱካን መጨመር ብክነት ነው ማለታቸውም ልክ ነው። ዓመታት በበርሜል የቆየ ወይን ላይ ስኳር የሚያፈስ ሰው ገንዘቡን መሬት ላይ እንዳፈሰው ይቆጠራል። መጠጡን አስቀድሞ ማዘጋጀት ይሻላል ያሉትንም እቀበላለሁ፤ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ብርቱካን መክተፍ አያምርም።

ውድ ወይን አያስፈልግም ማለት ግን መጥፎ ወይን ይበቃል ማለት አይደለም። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ አድርገዋቸዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም እንደሳቸው አስብ ነበር። ሦስት ሳምንት ያህል ተከፍቶ ጓዳ የቆየ ግማሽ ጠርሙስ ቀይ ወይን ነበረኝ። ማን ያውቀዋል ብዬ ከሌላ ደህና ጠርሙስ ጋር ቀላቀልኩት። ኮክ ጨመርኩ፣ ብርቱካን ጨመርኩ፣ ስኳር ጨመርኩ። ጆጉ ሲያዩት ያጓጓል። የመጀመሪያው እንግዳ አንዴ ተጎንጭቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ቀመስኩት። ኮምጣጤ ነበር። ስኳሩ ኮምጣጤውን ጣፋጭ ኮምጣጤ አደረገው እንጂ ወይን አላደረገውም። ደህናው ጠርሙስም አብሮ ተደፋ።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይሄኛው ቅዝቃዜ ነው። ቀይ ወይን ውስጥ አፍ የሚያደርቅ ነገር አለ፤ ታኒን ይባላል። የወፈረ ሻይ ያለ ስኳር ሲጠጣ ምላስ ላይ የሚቀረው ዓይነት ማለት ነው። ወይን ሲቀዘቅዝ ይህ ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ ጣፋጭነቱ በአንጻሩ ይደበዝዛል። ስለዚህ በክፍል ሙቀት ሲቀመስ ደህና የነበረ ወይን በበረዶ ሲጠጣ ሊመር ይችላል። እኔ የምፈትነው በቀላሉ ነው። ግማሽ ብርጭቆ እቀዳና ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆየዋለሁ። ከዚያ ምንም ሳልጨምር እቀምሰዋለሁ። ብቻውን ቀዝቅዞ ከተጠጣ ለፓንች ይሆናል። ካልተጠጣ ፍራፍሬ አያድነውም።

የሚስማማው ለጋ፣ የፍሬ ጣዕም ያለው፣ በእንጨት በርሜል ያልቆየ ወይን ነው። ከስፔን ጋርናቻ ወይም አዲስ ቴምፕራኒዮ (ሁለቱም የወይን ፍሬ ዓይነት ናቸው) የሚል ጠርሙስ ካገኛችሁ ግዙት። አብዛኛውን ጊዜ ከመደርደሪያው ውዱ አይደለም። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ሐምሌ ለእናንተ ዝናብ ነው፤ ይህ መጠጥ ብራ ሲሆን ነው የሚያምርባችሁ። ጉደር ወይም ደረቅ ሪፍት ቫሊ ቀይ ይሠራል። አክሱሚትን ከወደዳችሁ እሱም ይሆናል፤ ግን ራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ስኳሩን ሙሉ በሙሉ ተዉት።

ወደ ፍራፍሬው ልለፍ። ያለው ሁሉ ይግባ የሚለው ምክር ውሃ አያነሳም። ሙዝ ወይን ውስጥ ሁለት ሰዓት ከቆየ ይጠቁራል፣ ይላላል፣ መጠጡን ያደፈርሰዋል። የበሰለ ማንጎ ክሩን ይለቃል፤ ሰው መጠጥ እየጠጣ ጥርሱን ሲጎረጉር ይውላል። ሐብሐብ ውሃ ነው፤ ፓንቹን ያቀጥነዋል። ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ፖምና ጠንከር ያለ ኮክ ግን ቅርጻቸውን ይይዛሉ፣ ሽታቸውንም ይሰጣሉ። እንጆሪ ካለ የመጨረሻው ሰዓት ላይ ብቻ ይግባ።

ሌሊቱን ሙሉ ይቆይ የሚለውም ብርቱካኑን ይጎዳል። ብርቱካን ከቢጫው ልጣጭ ሥር ነጭ ሽፋን አለው። ይህ ነጭ ነገር ብዙ ሲዘፈዘፍ ምሬቱን ይለቃል። በማግሥቱ ጆጉን ስትቀምሱ «ምንድነው የመረረኝ?» የምትሉት እሱን ነው። ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይበቃል። ማሳደር የግድ ከሆነ ፖሙንና ነጩ ተልጦ የወጣለትን ብርቱካን ብቻ አሳድሩ፤ የቀረውን ጠዋት ጨምሩ። ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ይደር እንጂ ጠረጴዛ ላይ አይደር። የተከተፈ ፍራፍሬ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ወይኑ አሲድና አልኮል ስላለው ከተራ ጁስ ይሻላል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እሱን አልክድም። ግን በስፕራይትና በፍራፍሬ የቀጠነ መጠጥ በሐምሌ ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ውጭ የሚያድርበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ስኳሩ ብዙ አልልም። ደረቅ ስኳር በቀዝቃዛ ወይን ቶሎ አይሟሟም፤ ከሥር ይረጋል። የመጀመሪያዎቹ ብርጭቆዎች ይጎመዝዛሉ፣ የመጨረሻዎቹ ሽሮፕ ይሆናሉ። ደግሞም አንድ ኩባያ ስኳር 200 ግራም ገደማ ነው። አንድ ሊትር ስፕራይት ሌላ 100 ግራም ያህል ይዞ ይመጣል። ይህ ሲካፈል በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ወደ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይደርሳል። ስኳርና ውሃ እኩል አፍልታችሁ ሽሮፕ ሥሩ፣ አቀዝቅዙት፣ እየቀመሳችሁ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ።

አሁን ቮድካው ጋ ደረስን።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሁለት ጠርሙስ ወይን አንድ ሊትር ተኩል ነው። ጥንካሬው 13 በመቶ ቢሆን ውስጡ 195 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል አለ። ግማሽ ሊትር 40 በመቶ ቮድካ ደግሞ 200 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል ይይዛል። ማለትም ቮድካው ብቻውን ከሁለቱ ጠርሙስ ወይን ይበልጣል። ስፕራይቱ ሲጨመር ጆጉ ሦስት ሊትር ይሆናል፤ ጥንካሬውም 13 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ሊትር ለስላሳ ተጨምሮበትም መጠጡ እንደ ንጹሁ ወይን ይጠነክራል ማለት ነው። ልዩነቱ አፍ ላይ ጁስ መምሰሉ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ትንሽ ያቀጥነዋል፤ ያም ሆኖ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ብርጭቆ ወደ ሁለት ቢራ ይጠጋል። ሦስት ብርጭቆ የጠጣ ሰው አምስት ቢራ አልፏል። እሱ ግን የሚያስታውሰው ሦስት ብርጭቆ ፍራፍሬ ነው። ከዚያ ቁልፉን አንስቶ መኪናው ውስጥ ይገባል። እዚህ ሜሪላንድ ለሹፌር በደም ውስጥ የሚገኝ አልኮል የሕጉ ጣሪያ 0.08 በመቶ ነው፤ የፖሊሱ መሣሪያ ደግሞ መጠጡ ጣፋጭ ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ቮድካው ሲቀር ያው ጆግ ወደ 8 በመቶ ይወርዳል። አንድ ብርጭቆ አንድ ቢራ ገደማ ይሆናል። ይህን ሰው መቁጠር ይችላል።

ጸሐፊው ስፔኖችም ብራንዲ ይጨምራሉ ብለው ሊመልሱልኝ ይችላሉ። እውነት ነው፤ ብዙዎቹ ትንሽ ብራንዲ ወይም የብርቱካን አረቄ ጠብ ያደርጋሉ። ለሁለት ጠርሙስ 60 ሚሊ ሊትር ብትጨምሩ ሽታው ያምራል፤ ጥንካሬውም ብዙ አይለወጥም። ያ ቅመም ነው። ግማሽ ሊትር ግን ቅመም አይባልም።

ይህን ያህል የጠነከርኩት በዓይኔ ያየሁት ስላለ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የምረቃ ድግስ ላይ ነበርን። የተመራቂው አክስት ከአገር ቤት ከመጡ ገና ሁለተኛ ሳምንታቸው ነበር። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ሙቀቱ ከብዷቸው ነጠላቸውን አውርደው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አንዱ ወጣት «እትዬ፣ የፍራፍሬ ጁስ ነው» ብሎ ቀዳላቸው። ክፋት አስቦ አልነበረም፤ ለእሱም የተነገረው እንደዚያ ነው። ቀዝቃዛ ነው፣ ይጣፍጣል፤ ጠጡት። ተደገመላቸው። ተሠለሰላቸው። ኬክ ሲቆረጥ ሊነሱ ብለው ጉልበታቸው ከዳቸው። ወንበሩን ይዘው ቀስ ብለው ወደ መሬት ሲወርዱ አየን። ሁላችንም ደነገጥን። አንዷ ነርስ ነበረች፤ ጋደም አድርጋ ግፊታቸውን ለካች፣ ውሃ አጠጣች። ደግነቱ ከሰዓት በኋላ ተሻላቸው። ያሉት ነገር ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። «ልጆቼ፣ መጠጥ መሆኑን ብትነግሩኝ እኮ አልነካውም ነበር» አሉ። ከመስከራቸው ይበልጥ ያሳፈራቸው ሳያውቁ መጠጣታቸው ነበር።

እሳቸው የመጡበት አገር ይህን ነገር ያውቅበታል። ጠጅ ጣፋጭ ነው፤ ግን ጠጅ ቤት የገባ ሁሉ ብርሌው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ያውቃል። ለልጅ፣ ለማይጠጣ ሰው፣ ለሙስሊም እንግዳ ደግሞ ብርዝ አለ። ብርዝን ጠጅ ነው፣ ጠጅን ብርዝ ነው ብሎ የሚቀዳ ባለቤት ነውር እንደሠራ ይቆጠራል። አያቶቻችን የለዩትን እኛ በአንድ ጆግ የምንደባልቅበት ምክንያት የለም።

ፍራፍሬው አልኮሉን ይመጠዋል የሚለው ነጥብ ደግሞ ከሁሉም አደገኛው ነው። ግማሹ እውነት ነው፤ ፍራፍሬው በእርግጥ አልኮል ይመጣል። ግን አልኮሉ የት ሄደ? የትም አልሄደም፤ ፍሬው ውስጥ ተቀምጧል። በምትኩ የፍሬው ውሃና ስኳር ወደ ወይኑ ይወጣል። ስለዚህ መጠጡ ትንሽ ቀለለ ከተባለ ፍሬው ጠነከረ ማለት ነው። ያን ፍሬ በማንኪያ አውጥቶ ለልጅ መስጠት መጠጥ ማብላት ነው። በጸሐፊው አሠራር መቶ ግራም ፍሬ የመጠጡን ግማሽ ያህል ጥንካሬ ብቻ እንኳ ቢይዝ፣ ከመቶ ሚሊ ሊትር ቢራ የማያንስ አልኮል ይኖረዋል። የአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ አንድ ሳህን ፖም በአንድ ትንፋሽ ነው የሚጨርሰው። ክብደቱን ከእኛ ክብደት ጋር አስተያዩት።

ለነፍሰ ጡርም ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የአሜሪካ የጤና ተቋማትም የሚሉት አንድ ነው፦ በእርግዝና ጊዜ ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ የአልኮል መጠን የለም። ፍራፍሬው ቫይታሚን አለው የሚለው መከራከሪያ እዚህ አይሠራም። ቫይታሚኑን ከሆነ የምትፈልገው ብርቱካኑን ልጣችሁ ስጧት። ጸሐፊው ይህን ክፍል ቢያንስ እንዲያነሱት እለምናቸዋለሁ። የቀረው ሁሉ የጣዕም ጉዳይ ነው፤ እንከራከርበታለን። ይሄኛው ግን አንዲት እናት አምናቸው ልትሠራበት ትችላለች።

ስለ «እውነተኛው ሳንግሪያ» ያሉት ቀለል ያለ ነገር ነው፤ ግን ደስ የሚል ታሪክ ስላለው አልዘለውም። ሳንግሪያ ስሙ ሳንግሬ ከሚለው የስፔን ቃል የመጣ ነው፤ ደም ማለት ነው፤ ለቀለሙ የተሰጠ ስም ነው። በዓለም የታወቀው ግን አንድ ወጥ አሠራር ስላለው አይደለም። አሜሪካኖች በብዛት የተዋወቁት በ1964 በኒው ዮርኩ የዓለም ኤግዚቢሽን በስፔን ድንኳን ነው። በ2014 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ሳንግሪያ የሚለውን ስም ብቻውን ጠርሙስ ላይ መጻፍ የሚችሉት ስፔንና ፖርቱጋል ውስጥ የሚሠሩት ናቸው ይላል። ያው ደንብ ጥንካሬው ከ4.5 በመቶ እንዳያንስ፣ ከ12 በመቶ በታች እንዲሆን ያዛል። በዚህ መለኪያ የጸሐፊው ጆግ ገና በረዶ ሳይገባበት ከሳንግሪያ ተራ ወጥቷል።

ስፔን ውስጥ ደግሞ በሙቀት ቀን ብዙ ሰው የሚያዘው ሳንግሪያ ሳይሆን ቲንቶ ዴ ቬራኖ ነው፤ የሰመር ቀይ ወይን እንደማለት። ቀይ ወይን፣ እኩል የሎሚ ለስላሳ፣ በረዶ፤ አለቀ። በሰሜን ስፔን የሚኖሩት ባስኮች ደግሞ ቀይ ወይንን በኮካ ይቀላቅላሉ፤ ካሊሞቾ ይሉታል። ስሙ የወጣለት በ1972 ጌቾ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ በበዓል ቀን ነው። ይህን ስሰማ ሞቅ አለኝ። ቪኖ በኮካ፣ ቪኖ በአምቦ አገር ቤት ስንጠጣ «ወይን አታውቁም» እየተባልን ስንት ጊዜ ተንቀናል። ወይን ከሚጠምቁት ሕዝቦች አንዱ ያንኑ በበዓሉ ይጠጣዋል። ስለዚህ እውነተኛና ቅጂ የሚለውን ንግግር ብንተወው ይሻላል።

በረዶና ለስላሳ አስቀድሞ ይግባ ለተባለው መልሴ አጭር ነው፦ አይግባ። ጋዙ ይወጣል፣ በረዶው ይቀልጣል። ሁለቱም እንግዳው ብርጭቆ ሲይዝ ይጨመሩ። በረዶውን በትልቅ ስኒ አድርጋችሁ ብታረጉት ከትናንሾቹ ቀስ ብሎ ይቀልጣል።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ በስሱ እቆርጣለሁ፤ ሁለት ፖምና ሁለት ኮክ እጨምራለሁ። ሁለት ጠርሙስ ለጋ ቀይ ወይን፣ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ ሦስት ማንኪያ ሽሮፕ። ፍሪጅ ይገባል። ስምንት ሰዓት ላይ እንግዳ ሲመጣ አንድ ሊትር አምቦ ይጨመርበታል። እዚህ አምቦ ካልተገኘ ማንኛውም ጋዝ ያለው ውሃ ይሆናል። አምቦ ስኳር ስለሌለው የፍራፍሬውን ጣዕም አይሸፍነውም።

ሁለተኛ ጆግም አለኝ። ግማሽ ኩባያ የደረቀ ከርከዴ በአንድ ሊትር ውሃ ከቀረፋና ከሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ጋር አፈላለሁ፤ አጠልለዋለሁ፤ አቀዘቅዘዋለሁ። ያው ብርቱካን፣ ያው ፖም፣ ያው አምቦ ይገባበታል። ጎምዘዝ ይላል፣ ቀለሙ ወይን ይመስላል። ለጿሚ፣ ለሹፌር፣ ለሙስሊም ጓደኛ፣ ለልጅ ይሆናል። ማንም ብቻውን ውሃ ይዞ አይቀመጥም።

ቀለማቸው አንድ ስለሆነ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የወይኑን ጆግ ትልቁ ጠረጴዛ ላይ፣ የከርከዴውን ልጆቹ ያሉበት በኩል አደርጋለሁ። የወይኑ እጀታ ላይ ቀይ ክር አስራለሁ፤ ከፊቱም በትልቁ «ወይን አለበት» ብዬ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ጭልፋቸውም የየራሳቸው ነው። ባለፈው ቅዳሜ እኒያ የተመራቂው አክስት ድጋሚ መጥተው ነበር። ገና ከመቀመጣቸው «የቱ ነው የእኔ?» አሉኝ። ከርከዴውን አሳየኋቸው። ራሳቸው ቀዱ፣ ፖሙን በማንኪያ እያወጡ በሉ፣ ደገሙ።